ከአጥሩ አንድ ሜትር ተኩል

ጋሽ ክላክስ ምሳቸውን በልተው፣ መኪናቸው ውስጥ ገብተው፣ የሾፌሩን ወንበር ወደ ኋላ ለቀቅ አድርገው ተኙ። በዚያው ቀሩ። ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው ጡረታ ሲወጡ አልጋ አልስማማ ስላላቸው፣ የቀን እንቅልፋቸውን የሚተኙት እዚያው መሪው ሥር ነበር። የግቢያቸው በር ላይ ሲደርሱ ሰፈሩን በክላክስ ካላናወጡ አይገቡምና እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ትልቋ ልጃቸው ስትጮህ ጎረቤቱ ነቅሎ ወጣ፤ ፖሊስ ተጠራ፤ ፖሊስም ኢንስፔክተሯን ላከ።

ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ በሌለችበት «ሜትር» ይሏታል። አጭር ስለሆነች ለማሾፍ ያወጡላት ስም ነው። እሷ ግን ሰምታ እንዳልሰማች ሆና እውነተኛ የብረት ሜትር ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲህ በማን ላይ እንደሚሳቅ እንጃ።

ግቢው በሰው ጢም ብሏል። ሰዉን ወደ ውጭ አስወጥታ ቦታውን ቃኘች። መኪናዋ የቆመችው በብረት ቋሚዎች ላይ ባረፈ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። በአንድ በኩል የዋናው ቤት ግድግዳ አለ፤ በስተኋላ ደግሞ ከጎረቤት የሚለየው የብሎኬት አጥር። የቀሩት ሁለት ጎኖች ወለል ብለው ክፍት ናቸው። የከሰዓቷ ፀሐይ እስከ መኪናዋ ወንበር ድረስ ገብታለች፤ ንፋሱ የኢንስፔክተሯን ሻርፕ ያውለበልባል።

ሐኪሙ ከመኪናዋ ውስጥ ራሱን አወጣ። «ነይ እስቲ ከንፈራቸውን እዪ። ጥፍራቸውንም።»

አየች። ሁለቱም ፍም መስለዋል።

«ጭስ» አለች ቀስ ብላ።

«ጭስ ነው። የከሰል ወይም የሞተር። ደማቸውን ወስጄ ነገ ቁርጡን እነግርሻለሁ።»

«እዚህ? በዚህ ሁሉ ንፋስ?»

«እሱን እንግዲህ አንቺ ታወጪዋለሽ።»

ነገሩ አላማራትም። ሰው በጭስ የሚሞተው በር ሲዘጋበት ነው፤ እዚህ ደግሞ የሚዘጋ በር ቀርቶ ግድግዳ የለም። ቀና ብላ ጣሪያውን የተሸከመውን ብረት አየች። ዳር ዳሩን መንጠቆ ተበይዶበታል፤ የመንጠቆዎቹ ሆድ በቅርብ የተፋተገ ብረት መሆኑ ያስታውቃል፣ ያብረቀርቃል። ከዚያ የመኪናዋን ኮፈን ከፈተች። ባትሪ የለም። ወደ አጥሩ ጠጋ ብላ በሜትሯ ለካች፤ የመጠለያው ቋሚ ከአጥሩ ጋር ልክ እንደ መንታ ተጣብቋል፤ ጣት አያስገባም። ከመሬቱ ከፍ ብሎ አንድ ብሎኬት ላይ ቡጢ የሚያህል ቦታ በሲሚንቶ ተደፍኗል። ሲሚንቶው ወደዚህ ወጣ ወጣ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ያስተካከለው የለም። ጣቷን አስነካችው። እርጥብ ነው።

ልብሷ ይቆሽሻል ሳትል መኪናዋ ሥር ተንጋለለች። ጎማው ጎን አንድ ጭብጥ ጨርቅ ወድቋል፤ ከመኪናዋ የወንበር ልብስ የተቀደደ ቁራጭ ነው። በአንድ ወገን ጠቁሮ ክብ ቅርጽ ይዟል፣ ጠርዙም ተለብልቧል። ቀስ ብላ በላስቲክ ከረጢት ከተተችው።

ስትነሳ የሟቹ ታናሽ ልጅ አጠገቧ ቆሟል። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ጎማ የሚሸጥ፣ በለቅሶ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው።

«ምን ይፈልጋሉ፣ ኢንስፔክተር? ነገሩ ግልጽ እኮ ነው። የእህቴን ባል ይጠይቁት።»

«ምን ብዬ ልጠይቀው?»

«ይኼን መጠለያ የሠራው እሱ ነው። ፈቃድ የለው፣ ምን የለው! ከኋላ ያለውን ሰርቪስ ቤትም እሱ ነው የሠራው፤ ከእህቴና ከልጆቹ ጋር እዚያ ነው የሚኖረው። ደንብ አስከባሪዎች መጡና ‹የመኪና መጠለያ በሁለት በኩል ክፍት ይሆናል፤ ከአጥርም አንድ ሜትር ተኩል ይርቃል› ብለው ጎኖቹን የዘጋበትን ቆርቆሮ አስወረዱት። ዳግመኛ ተዘግቶ ካገኘን መጠለያውንም ሰርቪሱንም እናፈርሳለን ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አባዬና እሱ ዓይንና ናጫ ናቸው።»

«ቆርቆሮው ከዚያ ወዲህ ተሰቅሎ አያውቅም?»

«እኔ እዚህ አልኖርም። ስመጣ ግን ክፍት ነው።»

«አንተስ? ቤቱ ምን እንዲሆን ነበር የምትፈልገው?»

«ይሸጥ ነው የምለው። እሱም ወንጀል ነው?»

«አይደለም። የመኪናዋ ባትሪ የት ሄደ?»

«ጠዋት መጥቼ ወሰድኩት። ደክሞ ነበር፤ ቻርጅ ላስደርግለት ብዬ… ምነው?»

«ለማወቅ ያህል ነው።»

የትልቋ ልጅ ባል በያጅ ነው፤ ከወርክሾፑ ቱታውን እንደለበሰ መጥቶ የሰርቪስ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ የብየዳ መነጽሩ ምልክት አለ። ኢንስፔክተሯ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዛሬ የት ዋልክ?»

«ወርክሾፕ። ሠራተኞቼን ይጠይቁ።»

«ጄኔሬተር አለህ?»

«ዕቃ ቤት ውስጥ አለ። ግን ገመዱ ከተበጠሰ ቆይቷል።»

አብራው ሄዳ አየች። እውነቱን ነው፤ የማስነሻው ገመድ የለም፣ ታንከሩ ደርቋል፣ አቧራው ላይ የእጅ አሻራ እንኳ አይታይም።

«ከአማትህ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«በቤቱ ነው» አለና አጎነበሰ። «ልጆቼን ይዤ የት ልግባ? ይኼ ቤት ከፈረሰ እኮ መንገድ ላይ ነን፣ ኢንስፔክተር።»

ትልቋ ልጅ ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱንም እጆቿን በነጠላዋ ጠቅልላለች።

«እጅሽ ምን ሆነ፣ እህቴ?»

«ሽንኩርት ስከትፍ ቢላ…»

«አሳዪኝ እስቲ።»

ሴትየዋ ሳትወድ በግድ ዘረጋች። የሁለቱም እጆቿ መዳፍ በአግድም ተቆርጧል፤ ቀጫጭን፣ ረዣዥም ቁርጥ ነው። በሁለት እጅ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ኢንስፔክተሯ አይታ አታውቅም። ግን አልተጫነቻትም። ሴትየዋ የምትደብቀው ነገር ሊያንቃት ደርሷል፤ ቢገፏት ደግሞ ጭራሽ ትዘጋለች።

«አባትሽ ሰሞኑን የሚያማርሩት ነገር ነበር?»

«ከእንቅልፉ ሲነሳ ራሴን ይል ነበር። ጭስ ጭስ ይሸተኛል ይል ነበር። እኔ… እርጅና ነው አልኩት፣ ኢንስፔክተር። እርጅና ነው አልኩት!» ብላ ፊቷን በቆሰሉት እጆቿ ሸፈነች።

ከአጥሩ ወዲያ የሚኖረው ጎረቤት ጫጩት ፈልፋይ ነው። የሱም ቤት ቢሆን ደንብ አያውቀውም፤ የጫጩቶቹን ቆርቆሮ ቤት በዚያው የብሎኬት አጥር ላይ አስደግፎ ነው የሠራው። ውስጡ ይሞቃል፤ ካርቶኖቹ በሚንጫጩ ጫጩቶች ሞልተዋል። ጥግ ላይ ጄኔሬተር አለ። የጭስ ቧንቧው በጣሪያው በኩል ወጥቷል፤ መታጠፊያው ላይ ያለው ብሎን ግን ዝገቱ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ይታያል። ሰውየው እጁን ታጥቦ በፎጣ እያደራረቀ ተቀበላት።

«መብራት ሄዶ ነበር ዛሬ?»

«ከምሳ በፊት ሄደ፣ ማታ ሊሆን ሲል መጣ። ያው እንደምታውቁት ነው።»

«ጄኔሬተሩን አስነስተው ነበር?»

«ታዲያስ! ጫጩት ብርድ አይችል።»

«ጭሱስ?»

«ይኸው ወደ ላይ ነው የሚሄደው።» በጣቱ ጣሪያውን አሳያት።

«ከጋሽ ክላክስ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

ሰውየው ፈገግ አለ። «ምን እንሆናለን! እሱ ከአጥር አልራቀ፣ እኔ አልራቅሁ። ማን ማንን ይከሳል? እሱ ቢከሰኝ እኔም እከሰዋለሁ፤ ሁለታችንም ይፈርስብናል። ተቻችለን ነበር የምንኖረው። ምስኪን! ሁልጊዜ እለው ነበር፤ እንዴት ሰው በቀን በዚያ ጨለማ ገብቶ ይተኛል እለው ነበር።»

ኢንስፔክተሯ የሰማችው አልመሰለችም። አንዲት ጫጩት አንስታ መዳፏ ላይ አኖረቻት።

«አጥሩ ላይ የነበረውን ቀዳዳ ማን ደፈነው?»

«እነሱ ይሆናሉ እንጂ! እኔን ምን አገባኝ?»

«እርስዎን ምን አገባዎት» ብላ ጫጩቷን መልሳ ካርቶኑ ውስጥ አደረገቻት።

የጣቢያው አለቃ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ጠብ አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ ሕገ ወጥ ግንባታ አለ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አላት። ገመድ የሌለው ጄኔሬተር አይነሳም ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በያጁ በሚስቱና በልጆቹ ፊት ተይዞ ሄደ። ሚስቱ እስከ መኪናው ተከትላ አፏን ከፈተች፤ ቃል ሊወጣት ሲል ባሏ ዘወር ብሎ ራሱን ነቀነቀባት። መልሳ ዘጋችው። ኢንስፔክተሯ ይህንን አየች።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ደወለ።

«ደማቸው እንዳልኩሽ ነው። የሞተር ጭስ። ግን አንድ ነገር አለ፤ ጭሱ ደማቸው ውስጥ የጠበቅሁትን ያህል አልሞላም። መጨረሻ ላይ ንጹሕ አየር ስበዋል።»

ኢንስፔክተሯ ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች። «በሕይወት እያሉ ማለትህ ነው?»

«የሞተ ሰው አየር አይስብም።»

«ያን ጊዜ ሰው ቢደርስላቸው? ኦክስጅን ቢሰጣቸው?»

«እንደሱ ያለ ጥያቄ አትጠይቂኝ። ምናልባት ይድኑ ነበር። ምናልባትም አይድኑም። በዚያ ዕድሜ…»

ስልኩን ዘጋች። ገዳዩን ከትናንት ጀምሮ ታውቀዋለች። ይህን ግን ማወቅ አልፈለገችም ነበር።

ረፋዱ ላይ ሁሉንም መኪናዋ የቆመችበት መጠለያ ሥር ሰበሰበቻቸው፤ ትልቋን ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟን፣ ጫጩት ፈልፋዩንና ከጣቢያ በሁለት ፖሊስ ታጅቦ የመጣውን በያጅ።

«ቆርቆሮዎቹን አምጣና ስቀላቸው» አለችው በያጁን።

ባልና ሚስት ተያዩ። በያጁ ትከሻው ወረደ። ወደ ሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ሄዶ፣ ሸራ ከላያቸው ገፎ፣ የብየዳ ጓንቱን አጥልቆ ረዣዥሞቹን ቆርቆሮዎች እያመጣ መንጠቆው ላይ ሰቀላቸው። የመጨረሻው ሲሰቀል ሰው የሰው ፊት የማያይበት ጨለማ ሆነ።

«ትናንት ስመጣ እዚህ ፀሐይ ነበር» አለች የኢንስፔክተሯ ድምፅ። «ጋሽ ክላክስ ግን የሞቱት በጭስ ነው፤ ጭስ ደግሞ ክፍት ቦታ ሰው አይገድልም። ስለዚህ ተዘግቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተከፈተ። ማን ከፈተው ለሚለው በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ጭሱ ከየት መጣ? ከመኪናዋ አይደለም፤ ባትሪ የላትም። ከበያጁ ጄኔሬተርም አይደለም፤ ገመድ የለውም። ታዲያ ከየት?» አንዱን ቆርቆሮ ራሷ አውርዳ ብርሃን አስገባች። አጥሩ ላይ ያለውን የሲሚንቶ ድፋን አሳየቻቸው። «ቀዳዳ የሚደፍን ሰው በራሱ በኩል ያለውን በግንበኛ ማንካ ይለስነዋል፤ ወዲያኛው ላይ ግን እጁ አይደርስም፣ ሲሚንቶው እንደገፋው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይኸው፣ የተንጠለጠለው በዚህ በኩል ነው። የተለሰነው የት ነው፣ ጌታዬ?»

ጫጩት ፈልፋዩ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ… ቀዳዳው ከድሮም…»

«ትናንት እርጥብ ነበር። ሰው ሲጮህ ሁሉም ወደዚህ ሲሮጥ እርስዎ ሲሚንቶ ያቦኩ ነበር። ከጣሪያ የወጣውን ቧንቧ መታጠፊያም መልሰው ያጠበቁት ያኔ ነው፤ ዝገቱ ተፍቋል። ደግሞ ትናንት ‹በዚያ ጨለማ› አሉኝ። ከደጅ የሚያይ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ክፍት መጠለያ ነው። ጨለማ መሆኑን የሚያውቅ፣ ቆርቆሮው መልሶ መሰቀሉን የሚያውቅ ነው።»

«ጎረቤት ነኝ፤ ሲሰቅሉ እሰማለሁ! እሱ ምን ወንጀል አለው?»

ኢንስፔክተሯ የተለበለበውን ጨርቅ ከከረጢቱ አወጣች። ትልቋ ልጅ የወንበሩን ልብስ አውቃ ቃተተች።

«ጋሽ ክላክስ ሰሞኑን ጭሱ ሲመጣባቸው ከወንበራቸው ቀደው ቀዳዳውን በዚህ ጠቀጠቁት። ትናንት አንድ ሰው ከወዲያ በኩል በጋለ ቧንቧ ገፍቶ ጣለው። ክቡ እዚህ ላይ አለ። ሳያውቅ የሚሠራ ሰው ቧንቧ ወደ ቀዳዳ ያስገባ ይሆናል፤ የተደፈነን ቀዳዳ ገፍቶ የሚከፍት ግን ሳያውቅ አይደለም።»

ከአጥሩ ወዲያ ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ።

«ጫጩቶቼ እያለቁ ነበር» አለ ሰውየው በመጨረሻ። ድምፁ ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም። «በጣሪያ ያወጣሁት ጭስ በንፋስ ተመልሶ እየገባ ፈጀብኝ። ወደዚህ አዞርኩት። መጥቶ ጮኸብኝ። ‹ሂድ ክሰሰኝ፤ ደንብ አስከባሪ መጥቶ የአንተንም ቆርቆሮ ይይልህ› አልኩት። ምን ሊያደርግ! በጨርቅ ደፈነው። ትናንት ጭሱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ጄኔሬተሩ ሲያስቸግረኝ ብልጭ አለብኝ፣ ገፋሁት።»

«እዚህ ተኝተው እንደነበር ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ። ግን… ሲሸተው ይነቃል ብዬ። እሱ እኮ ነው! ትንሽ ነገር ካበሳጨችው ክላክሱን ሰፈር እስኪሰማ ነው የሚነፋው። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ክላክስ ቢነፋ አጠፋው ነበር። እምላለሁ አጠፋው ነበር!»

«አልነፉም። ከዚያስ?»

«ከዚያ… እንግዲህ አላስቸገረውም ማለት ነው ብዬ ተውኩት።»

የጋሽ ክላክስ ታናሽ ልጅ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። ባትሪ የሌላት መኪና ክላክስ እንደማይሰማ ለመረዳት ማንም ሊነግረው አላስፈለገም። «እኔ ነኝ የወሰድኩት» ይላል ደጋግሞ፣ «ጠዋት እኔ ነኝ የወሰድኩት።» በያጁ፣ ትናንት በገዳይነት የጠቆመበትን ሰው ትከሻ ያዘ።

ፖሊሶቹ ጫጩት ፈልፋዩን ይዘው ወጡ። ማንም አልሰደበውም።

ትልቋ ልጅ አልተነቃነቀችም። «ማን ከፈተው የሚለውን አልነገሩንም» አለች።

«ያወቅሽው ይበቃል።»

«ልናገር። ትናንትም ልናገር ብዬ ነው ያነቀኝ።» የቆሰሉትን እጆቿን ዘረጋች። «ባሌ እንዳይሰቀል ለምኖት ነበር። አባዬ ግን ብርሃን ሲኖር አልተኛም አለ፣ ‹ቤቱ የኔ ነው፣ ስቀል› አለው። ከዚያ ወዲህ ሲተኛ ይሰቀላል፣ ሲነሳ ይወርዳል። የተጣሉትም በዚህ ነው። እናም ትናንት ልቀሰቅሰው ስገባ ጠራሁት፣ ዝም አለኝ። ነካሁት። ሙቅ ነበር፣ ኢንስፔክተር። መጮህ ነበረብኝ። ግን ብጮህ ሰው ይመጣል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ ከፖሊስ ጋር ደንብ አስከባሪ ይመጣል፤ ተዘግቶ ያዩታል፣ ቤታችንን ያፈርሱታል አልኩ። ልጆቼን የት አደርጋቸዋለሁ አልኩ። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አወረድኩ፣ ከጀርባ አኖርኩ፣ ሸራ አለበስኩ። ከዚያ ነው የጮህኩት።» ቀና ብላ ኢንስፔክተሯን ዓይን ዓይኗን አየቻት። «እውነቱን ይንገሩኝ። ያኔ በሕይወት ነበር?»

በያጁ «ተይ፣ ተይ የኔ እመቤት» አለ።

ኢንስፔክተሯ በሥራ ዘመኗ ሙሉ ሰው ሲዋሽ ስትሰማ ኖራለች፤ ራሷም መዋሸት ትችላለች። ግን የሐኪሙ ወረቀት ፍርድ ቤት ይነበባል፤ ይህች ሴትም እዚያ ትቀመጣለች። ከዳኛ አፍ ከምትሰማው ከኔ ትስማው ብላ ወሰነች።

«በሕይወት ነበሩ» አለቻት። «ያን ትንሽ አየር ያገኙትም አንቺ ስለከፈትሽላቸው ነው። ወዲያው ብትጮሂ ይድኑ ነበር ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ሐኪሙም አያውቅም።»

ሴትየዋ አላለቀሰችም። ዞር ብላ ሰርቪስ ቤቱን አየችው። በሩ ክፍት ነው፤ የልጆቿ አልጋ ይታያል።

«ሪፖርት ላይ ስለ ቆርቆሮው መጻፍ አለብዎት፣ አይደል?»

«መጻፍ አለብኝ።»

«ስለ ቤቱም?»

«ስለ ቤቱም።»

«ይጻፉት። ይምጡና ያፍርሱት። እኔ ከእንግዲህ እዚህ ተኝቼ አላድርም።»

ወንድሟ ከተቀመጠበት ተነሳ። ፊቱን በእጅጌው ጠራርጎ ምንም ሳይናገር ወደ ሰርቪስ ቤቱ ገባና የልጆቹን ፍራሽ መጠቅለል ጀመረ። እሱ ቤት አንድ ክፍል ትርፍ ነበረው።